ያ ፍላጎት ከየት መጣ? የአሜሪካ የድሎት ዘመንና ተቺዎቹ

ሁለት አገሮች በኑክሌር ቦምብ በሚፈራሩበት ዘመን የአንደኛው መሪና የሌላኛው ምክትል ፕሬዚዳንት ጋዜጠኞች ፊት ቆመው ስለ ምን የተከራከሩ ይመስላችኋል? ስለ ልብስ ማጠቢያ ማሽን። ቀኑ ጁላይ 24፣ 1959 ነው (እዚህ የምታነቧቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ቦታው ሞስኮ፣ ሶኮልኒኪ መናፈሻ። አሜሪካኖች እዚያ ባዘጋጁት ኤግዚቢሽን ላይ አንድ ሙሉ መኖሪያ ቤት ሠርተው አቁመዋል። ጎብኚ እንዲያልፍበት ቤቱ መሃል ለመሃል ተከፍሎ ስለነበር፣ በሶቪየቷ ስፑትኒክ እየቀለዱ «ስፕሊትኒክ» የሚል ስም አወጡለት።

ሪቻርድ ኒክሰን ኒኪታ ክሩሽቼቭን ይዞት ወደ ወጥ ቤቱ ሄደ። እንዲህ ያለውን የ14 ሺህ ዶላር ቤት እኛ ጋ ተራ የብረት ፋብሪካ ሠራተኛ ይገዛዋል አለው። ክሩሽቼቭ አልተዋጠለትም። ምግቡን አፍ ውስጥ ከትቶ የሚያስውጥ ማሽንስ የላችሁም ወይ ብሎ አሾፈ።

ሹፈቱ ሹፈት ነው፤ የኒክሰን ንግግር ግን ባዶ ጉራ አልነበረም። በ1950 ቴሌቪዥን የነበረው የአሜሪካ ቤተሰብ 9 በመቶ ገደማ ነበር። በ1960 ወደ 87 በመቶ ደረሰ። ኒው ዮርክ አጠገብ፣ ሎንግ አይላንድ ላይ፣ ድንች ይበቅልበት በነበረ መሬት ላይ የሌቪት ኩባንያ ከ1947 ጀምሮ ከ17 ሺህ በላይ ቤቶች አከታትሎ ሠራ፤ ሰፈሩም ሌቪታውን ተባለ። በ1958 ደግሞ ባንክ ኦፍ አሜሪካ ፍሬዝኖ በምትባል የካሊፎርኒያ ከተማ ለ60 ሺህ ያህል ሰዎች ክሬዲት ካርድ በፖስታ ላከ፤ ማንም ሳይጠይቀው። እስቲ አስቡት፣ ያልጠየቃችሁት ዱቤ ራሱ በራችሁን ሲያንኳኳ!

ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ጊዜ ለዳቦና ለሾርባ የተሰለፉ ወይም የተሰላፊ ልጆች ናቸው። እንዲህ ካለ ችግር ለወጣ ሰው «ቆይ፣ ግን ይሄን ሁሉ ዕቃ በእርግጥ የምትፈልገው አንተ ነህ?» ብሎ ጥያቄ ማምጣት ከቅብጠት ሊቆጠር ይችላል። ያም ሆኖ የጠየቁ ሰዎች ነበሩ። የሚገርመው መጽሐፎቻቸው በገፍ ተሸጡ፤ ሸቀጥን የሚተች መጽሐፍ ራሱ ተፈላጊ ሸቀጥ ሆነ።

የሥነ ልቦና ባለሙያው ሱቅ ሲገባ

ታሪኩን ከተቺዎቹ ሳይሆን ከሚተቹት ሰው ብንጀምር ይሻላል። ኧርነስት ዲክተር በ1907 ቪየና ውስጥ ተወለደ። ሥነ ልቦና አጠና፤ ሲግመንድ ፍሮይድ በሚኖርበት በዚያው መንገድ ላይ ኖረ። አይሁዳዊ ነበርና የናዚዎች ነገር ሲከፋ ተሰዶ በ1938 ኒው ዮርክ ገባ። እዚያ ለኩባንያዎች ይዞት የቀረበው ሐሳብ ሲሰሙት ቀላል ነው። ሰውን «ይህን ዕቃ ለምን ገዛህ?» ብላችሁ ብትጠይቁት የሚነግራችሁ እውነቱን ሳይሆን ለጆሮ የሚጥመውን ነው። ስለዚህ አትጠይቁት፣ አስወሩት። ሐኪም ታካሚውን አጋድሞ ስለ ልጅነቱ እንደሚያስወራው፣ ስለ ገላ መታጠብ፣ ስለ መኪና፣ ስለ ወጥ ቤት እንዳሻው ያውራ። እውነተኛው ምክንያት ከወሬው መሃል ሹልክ ብሎ ይወጣል።

ክራይስለር ፕሊመዝ የተባለችውን መኪናውን እንዲያጠናለት ቀጠረው። የተገኘው ውጤት ግራ ያጋባል። ጣራዋ የሚከፈተው ፕሊመዝ ከሽያጩ ውስጥ ድርሻዋ ኢምንት ነው፤ ወንዶቹን ወደ መሸጫው የምትስባቸው ግን እሷ ናት። ሰውየው እሷን አይቶ ወጣትነቱን ያስታውሳል፣ ያልኖረውን ሕይወት ይመኛል፤ ከዚያ ከሚስቱ ጋር ተመልሶ መጥቶ ጣራዋ ድፍን የሆነውን ባለ አራት በር ገዝቶ ይሄዳል። ምክሩም ታወቀ፦ ክፍቷን ከፊት አቁሟት፣ ድፍኗን ሽጧት።

(በነገራችን ላይ ስለ ዲክተር የሚወራው ሁሉ እውነት አይደለም። የኬክ ዱቄት አልሸጥ ሲል «ሴቶቹ እንቁላሉን ራሳቸው ይጨምሩበት፣ ያኔ እኔ ጋገርኩት ይላሉ» ብሎ ገበያውን አዳነው የሚል ታሪክ በየቦታው ታገኛላችሁ። ደስ ይላል። ችግሩ፣ ትኩስ እንቁላል የሚጨመርበት የኬክ ዱቄት ከጦርነቱ በፊት፣ በ1930ዎቹም ነበር።)

በ1957 ቫንስ ፓካርድ የተባለ ጋዜጠኛ «ስውር አግባቢዎች» ብለን ልንተረጉመው የምንችል መጽሐፍ አወጣና ይህን ሁሉ አደባባይ ላይ ዘረገፈው። ፓካርድ የፔንሲልቫኒያ ገበሬ ልጅ ነው። ለዓመታት የሠራበት መጽሔት ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ተዘግቷል፤ በዚያ ዘመን የማስታወቂያው ገንዘብ ወደ ቴሌቪዥን እየጎረፈ ነበርና። እንግዲህ ማስታወቂያ ሲሸሽ የሰው እንጀራ እንዴት እንደሚጠፋ በዓይኑ ያየ ሰው ነው። መጽሐፉ አንደኛ ተሻጭ ሆነ። በ1959 ሰው በዕቃ ማዕረግ እንዴት እንደሚገዛ፣ በ1960 ደግሞ ኩባንያዎች ዕቃ ቶሎ እንዲያረጅ ሆን ብለው እንዴት እንደሚሠሩ ጻፈ፤ እነሱም ተቸበቸቡ። ሦስተኛውን ጉዳይ፣ ታቅዶ የሚያረጅ ዕቃን ማለቴ ነው፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ባትሪው የደከመ ስልክ በእጁ የያዘ አንባቢ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግበትም።

ፓካርድ ግሩም ታሪክ ነጋሪ ነበር። አሳቢ ነበር ለማለት ግን እቸገራለሁ። የማስታወቂያ ሰዎች ስለ ራሳቸው ችሎታ የሚያወሩትን ጉራ እንዳለ ተቀበላቸው። እነሱ «የሰውን ልብ እንዘውራለን» ይላሉ፤ እሱም «አያችሁ፣ ልባችሁን ይዘውሩታል» ብሎ ይጮኻል። ይህን የሚያነብ የኩባንያ ሥራ አስኪያጅ ምን ያደርጋል? የዲክተርን ስልክ ይፈልጋል። እንደዚያም ሆነ፤ መጽሐፉ ዲክተርን ይበልጥ አስተዋወቀው፣ ደንበኛም አመጣለት።

የፈንዲሻው ውሸት

በዚያው በ1957፣ ሴፕቴምበር ላይ፣ ጄምስ ቪካሪ የተባለ የገበያ አጥኚ ጋዜጠኞችን ሰብስቦ ጉድ አሰማቸው። ኒው ጀርዚ ውስጥ ፎርት ሊ በምትባል ከተማ፣ በአንድ ሲኒማ ቤት፣ ለስድስት ሳምንት ፊልሙ መሃል ዓይን ሊይዘው በማይችል ፍጥነት «ፈንዲሻ ብሉ» እና «ኮካ ኮላ ጠጡ» የሚል ጽሑፍ ብልጭ አድርጌያለሁ አለ። ተመልካቹ 45,699 ሰው ነበር፤ የኮካ ሽያጭ በ18 በመቶ፣ የፈንዲሻው በ57 በመቶ ጨመረ ተባለ። የቁጥሩን ትክክለኛነት አያችሁ? 46 ሺህ ገደማ አላለም፣ 45,699 ነው ያለው። ውሸት በነጠላ ቁጥር ሲመጣ እንደሚታመን ያወቀ ይመስላል።

አገር ተሸበረ። በ1958 የካናዳ ብሔራዊ ቴሌቪዥን ነገሩን ራሱ ሞከረው፦ በአንድ ፕሮግራም መሃል «አሁኑኑ ስልክ ደውሉ» የሚል መልእክት 352 ጊዜ ብልጭ አደረገ። የደወለ ሰው አልተገኘም። ተመልካቾች መልእክቱ ምን እንደነበር ሲጠየቁ ግን ብዙዎቹ «ራበን፣ ጠማን» ብለው ጻፉ፤ ስለ ፈንዲሻው ቀድመው ሰምተዋላ! ቪካሪ በ1962 ለአንድ የማስታወቂያ ሙያ መጽሔት ሲናገር ይህ ነው የሚባል መረጃ እንዳልነበረው አመነ። ይሁን እንጂ ወሬው ከእርምቱ ረዥም ዕድሜ አገኘ። ዛሬም ይህን ሙከራ እንደ እውነት የሚነግራችሁ ሰው አታጡም።

ከዚህ አንድ ነገር ያዙልኝ። የማስታወቂያን ኃይል ያለልክ ማግነን ማስታወቂያን መቃወም አይደለም፤ አንዳንዴ ለአስነጋሪው ነፃ ማስታወቂያ ነው። ጥያቄው ከአስማት ወጥቶ ወደ ኢኮኖሚ መግባት ነበረበት።

ቦዩና ድልድዩ

ወደዚያ ያስገባው ቁመቱ ከሁለት ሜትር የሚያልፍ የሃርቫርድ ኢኮኖሚስት ነው። ጆን ኬኔት ጋልብሬይዝ ካናዳ ኦንታሪዮ ውስጥ በገበሬ ቤተሰብ አደገ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ መንግሥት የዋጋ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ሠራ። «የተትረፈረፈለት ኅብረተሰብ» የሚለውን መጽሐፉን በ1958 አወጣ።

የኢኮኖሚ ትምህርት በዚያን ጊዜ የሰውን ፍላጎት እንደተሰጠ ነገር ነበር የሚወስደው። ሰው ይፈልጋል፣ ፋብሪካ ያመርታል፣ ብዙ ባመረተ ቁጥር ብዙ ፍላጎት ይሞላል፣ ስለዚህ ብዙ ማምረት ጥሩ ነው። አለቀ። ጋልብሬይዝ ግን ፍላጎቱን የሚፈጥረው ራሱ አምራቹ ቢሆንስ አለ። ሐሳቡን በራሴ ምሳሌ ልግለጸው። ጎረቤታችሁ ሌሊት ተነስቶ በራችሁ ላይ ቦይ ቢቆፍር፣ ጠዋት ደግሞ ድልድይ ተሸክሞ መጥቶ ቢሸጥላችሁ፣ ድልድዩ ጠቅሟችኋል? እንዴታ፣ ያሻግራል። ግን ጎረቤታችሁን የሰፈሩን ሀብት አሳደገ ብላችሁ ትሸልሙታላችሁ? የተራበ ሰው ዳቦ እንዲፈልግ ማስታወቂያ አያስፈልገውም። ማስታወቂያ ካልተነገረ የማይፈለግ ዕቃ ካለ፣ ያ ፍላጎት ያን ያህል አጣዳፊ አልነበረም ማለት ነው። ይህን ጋልብሬይዝ የጥገኝነት ውጤት ብሎ ጠራው፤ ፍላጎት በምርት ላይ ጥገኛ ሆነ ለማለት።

ከዚህ ተነስቶ ወደ ሁለተኛው፣ እኔ የበለጠ ወደምወደው ነጥቡ ሄደ። መኪና ማስታወቂያ አለው። ፍሪጅ ማስታወቂያ አለው። የሕዝብ መናፈሻ፣ ንጹሕ ወንዝ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት ግን ማን ያስተዋውቃቸዋል? ማንም። ስለዚህ ገንዘቡ ወደ አንድ ወገን ብቻ ያጋድላል፤ በቤቱ ሁሉ የሞላለት ሰው ከደጁ ሲወጣ የተቦዳደሰ መንገድና የቆሸሸ ወንዝ ያገኛል። በግል ጥጋብ፣ በጋራ ድህነት። ይህን የምታነቡት የትም ከተማ ሆናችሁ ቢሆን አዲስ መኪና ጎርፍ በሞላው መንገድ ላይ ቆሞ ሳታዩ የቀራችሁ አይመስለኝም።

መልስ የሰጠው ትንሽ ሰው አልነበረም። ፍሪድሪክ ሃየክ፣ በኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኘው የኦስትሪያ ተወላጅ ኢኮኖሚስት፣ በ1961 አጭር ጽሑፍ ጻፈ። ክርክሩ ይህ ነው፦ ከምግብ፣ ከመጠለያና ከጥቂት ነገር በቀር ይዘነው የተወለድነው ፍላጎት የትኛው ነው? ልብ ወለድ የማንበብ ፍላጎት ይዞ የተወለደ ሰው የለም፤ መጻሕፍት ስላሉ፣ ሌሎች ሲያነቡ ስላየን ፈለግን። ታዲያ ሥነ ጽሑፍ ከንቱ ነው? በእኛ ቤት ብንወስደው፣ ከአቦሉና ከቶናው በኋላ በረካውን የመጠበቅ ነገር ከማሕፀን ይዛችሁት አልመጣችሁም። ተማራችሁት። የተማራችሁት ስለሆነ ግን የውሸት አይደለም።

በዚህ ነጥብ ሃየክ ያሸነፈ ይመስለኛል። ክርክሩ ግን በዚህ አላበቃም። ፍላጎት ትምህርት ከሆነ አስተማሪው ማን ነው፣ ከትምህርቱስ ምን ያገኛል የሚለው ጥያቄ ይቀራል። እናታችሁ በረካውን ስትቀዳላችሁ ሒሳብ አትጠይቃችሁም።

አስተማሪው ምን እንደሚፈልግ ከሁሉ በቅርብ ያየችው ምናልባት ቤቲ ፍሪዳን ናት። ጋዜጠኛ፣ የሦስት ልጆች እናት፣ የከተማ ዳርቻ ነዋሪ። በ1957 የኮሌጅ ጓደኞቿ ከተመረቁ በ15ኛው ዓመት መጠይቅ በትናላቸው፣ ሁሉ የሞላላቸው የሚባሉት ሴቶች ውስጥ ስም ያልወጣለት ቅሬታ አገኘች። ለ1963 መጽሐፏ ስትዘጋጅ አንድ የገበያ ሥነ ልቦና አጥኚ ዘንድ ሄዳ የጥናት ፋይሎቹን አገላበጠች። ስሙን አልጻፈችም፤ የታሪክ ምሁራን በኋላ ዲክተር መሆኑን ለይተዋል። ፋይሎቹ ሴቶችን በዓይነት ይከፋፍላሉ። ሥራ ላይ ያለችው ሴት ትተቻለች፣ ስለዚህ መጥፎ ገበያ ናት። የድሮዋ የቤት እመቤት አዲስ ዕቃ ትጠራጠራለች። ምርጧ ደንበኛ የተማረችው፣ አቅሙ እያላት ግን ችሎታዋን በሙሉ ቤት ውስጥ የምታፈሰው ናት፤ ለእያንዳንዱ የጽዳት ሥራ የተለየ ሳሙና ሽጡላት፣ ባለሙያ የሆነች ይምሰላት። ፍሪዳን ያየችው ነገር ይህ ነው። ቅሬታው እንዲጠፋ ሳይሆን እንዲሸመት ነበር የተፈለገው።

በ1964 ኸርበርት ማርኩዘ፣ ከናዚ ያመለጠ የበርሊን ተወላጅ ፈላስፋ፣ ነገሩን ወደ ጫፍ ወሰደው፦ ይህ ሥርዓት ተቃውሞን አይከለክልም፣ ይውጠዋል አለ። መጽሐፉ ለማንበብ አቀበት ነው፤ ፊት ለፊት ከምትታገሉት ይልቅ የዘመኑን ማስታወቂያ ብታዩ ቶሎ ይገባችኋል። ከ1959 ጀምሮ የኒው ዮርኩ ዶይል ዴን በርንባክ ድርጅት ለፎልክስዋገን በሠራው ማስታወቂያ ሰፊ ነጭ ገጽ ላይ አንዲት ትንሽዬ ቮልስ ብቻ ትታያለች። መልእክቱ በጥቅሉ «እኛ እንደ ሌሎቹ በትልቅና በሚያብረቀርቅ መኪና አናታልልህም» የሚል ነው። ፓካርድን አንብቦ ማስታወቂያ የሰለቸው ሰው፣ ስልቸታውን የሚገዛበት መኪና ቀረበለት።

ባንኮኒው

እስካሁን ያወራነው ሁሉ ስለ ጠገቡ ሰዎች ነው። በ1962 ማይክል ሃሪንግተን ከ40 እስከ 50 ሚሊዮን አሜሪካዊ ድሃ ነው ብሎ ጻፈ። ታዲያ ለምን አይታዩም? አንዱ ምክንያት ልብስ ነው ይላል። ፋብሪካ ርካሽ ልብስ ስለሚያመርት ቤቱ የሚያፈስበት፣ ጥርሱን መታከም ያልቻለ ሰው እንኳ መንገድ ላይ ደህና ለብሶ ያልፋል። ጋልብሬይዝ ድህነትን እዚህና እዚያ እንደቀረ ቁራጭ ነገር አድርጎ አልፎት ነበር፤ ሃሪንግተን እዚያ ላይ ያዘው።

ሌላም ነበር። ያ ሌቪታውን የመጀመሪያው የኪራይ ውሉ ነጭ ያልሆነ ሰው እንዳይኖርበት በጽሑፍ ይከለክል ነበር። ኦገስት 1957፣ የፓካርድ መጽሐፍ በየቤቱ በሚነበብበት ወቅት፣ ፔንሲልቫኒያ ውስጥ በተሠራው ሌላው ሌቪታውን ዊሊያምና ዴዚ ማየርስ የተባሉ ጥቁር ባልና ሚስት ቤት ገዝተው ገቡ። ሕዝቡ ቤታቸውን ከቦ ድንጋይ ወረወረ። የዚያን ዘመን ተቺዎች ስለ ሌቪታውን ብዙ አሽሟጠዋል፤ ቤቱ ሁሉ አንድ ዓይነት፣ ሰዉ ሁሉ አንድ ዓይነት እያሉ። ማየርሶች ግን ያንኑ አንድ ዓይነት ቤት ለማግኘት ነው በድንጋይ የተወገሩት።

ፌብሯሪ 1፣ 1960 በኖርዝ ካሮላይና ግሪንስቦሮ ከተማ አራት የመጀመሪያ ዓመት የኮሌጅ ተማሪዎች ዉልዎርዝ የተባለ መደብር ገቡ። ከእናንተ ብዙም የማይበልጡ ልጆች ናቸው። መጀመሪያ የጥርስ ሳሙናና ጥቃቅን ነገር ገዙ፤ ደረሰኛቸውንም ያዙ። ገንዘባቸውን ማንም አልጠላባቸውም። ከዚያ ሄደው የምሳው ባንኮኒ ላይ ተቀመጡና ቡና አዘዙ። ለጥቁር አይሸጥም ተባሉ። በአንድ ጣራ ሥር፣ እዚያ ሳሙና ይሸጥላችኋል፣ እዚህ ቡና አይሸጥላችሁም! መደብሩ እስኪዘጋ ቁጭ አሉ። በማግስቱ ተጨማሪ ተማሪዎች መጡ፤ በሁለት ወር ውስጥ እንቅስቃሴው ከ50 በላይ ከተሞች ተዛመተ።

እነዚህን ልጆች «ቡናው ማስታወቂያ የፈጠረባችሁ የውሸት ፍላጎት ነው» የሚላቸው ሰው ምን ይባላል? የፈለጉት ቡናውን ብቻ እንዳልነበረ ግልጽ ነው። ግን ቡናውንም ነበር። መግዛት መቻል በዚያች አገር የዜግነት መለኪያ ተደርጎ ነበርና፣ ከግዢ መገለል ከዜግነት መገለል ሆነ። ጋልብሬይዝን ሳነብ ይህ ባንኮኒ ትዝ ይለኛል፤ ባንኮኒውን ሳስብ ደግሞ ጋልብሬይዝ። ፍላጎት ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ሰው፣ ፍላጎቱን እንዳያገኝ ማን ከለከለው ብሎ ካልጠየቀ ግማሹን ብቻ ነው የጠየቀው።

የግሪንስቦሮው ዉልዎርዝ በተቃውሞው ወደ 200 ሺህ ዶላር ገደማ ከሰረ። በመጨረሻ ጁላይ 25፣ 1960 ባንኮኒው ለሁሉም ተከፈተ። በዚያ ቀን መጀመሪያ ተቀምጠው የተስተናገዱት ጥቁሮች ተማሪዎቹ አልነበሩም፤ የመደብሩ የራሱ ሠራተኞች ነበሩ። የሥራ ልብሳቸውን ቀይረው ወጥተው፣ በሚሠሩበት ቤት ባንኮኒ ላይ ተቀምጠው ምሳ አዘዙ።